ሽማግሌ፣ ሸሪዓ ወይስ ጠበቃ?

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባለችው ሰንበቴ ከተማ የድንበር ወይም የውርስ ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው፤ ደግም ነው። ነገሩ በእርቅ የሚያልቅ ከሆነ ጠበቃ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ግን እርቁን እየጠበቁ መልስ ሳይሰጡ መቀመጥ አደጋ አለው፤ መጥሪያው ላይ የሰፈረው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ እስኪስማሙ ቆሞ አይጠብቅም። የተፈረደበትም ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኙን የሚያቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠበቃ የሚፈለገው ከተሸነፉ በኋላ ሳይሆን መጥሪያው እጅ ሲገባ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሙሉውን ክርክር በጠበቃ ለማካሄድ አቅም የሌለው ሰው ቢያንስ መልሱን ሲያጽፍና ማስረጃውን ሲያደራጅ ባለሙያ ያማክር፤ መጀመሪያ ያልተጠቀሰ ማስረጃ ኋላ ማስገባት ከባድ ነው። በወንጀል ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20፣ አቅም ለሌለውና ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት መብት ይሰጣል። ጠበቃ ሲመርጡ ከስመ ጥርነቱ ይልቅ ፈቃዱ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚያሠራ መሆኑን፣ የመሬት ጉዳይ ይዞ ማወቁን፣ አፋን ኦሮሞ መቻሉንም ማየት ይበጃል፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ነውና። የጋብቻ ወይም የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ምክር የሚያሻው ፈቃዱን ከመስጠት በፊት ነው።