ከኮከቡ በፊት ጥላው፦ በድሬዳዋ ማረፊያ ስለ መምረጥ

ድሬዳዋ ባሕርም ሐይቅም የሌላት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ብትሆንም፣ እንግዳ የማሳደር ሙያዋ የመጣላት ከባሕር በኩል ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት መውጣት ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. ከተራሮቹ ግርጌ ቆመ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የተመሠረተችውም ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ፣ ከወደቡ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ቀጣዩን በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር ዋና ከተማዋ የሚገባው። በዚህም ምክንያት ድሬዳዋ አልጋ፣ ውሃና ራት ፈልጎ ከባቡር የሚወርድ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተለያት ከተማ ሆነች።

ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው እንግዳ ዛሬም አልተቋረጠም። በክረምቱ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ፣ አቅሙ ያላቸው የዚያች አገር ቤተሰቦች ወደ ድሬዳዋና ከእርሷም በላይ ወደ ሐረር ደጋ ይመጣሉ፤ በሌላው ዓለም ሰው ለዕረፍት ወደ ባሕር ሲወርድ፣ በዚህ አካባቢ የባሕር ዳርቻው ሰው ራሱ ወደ መሃል አገር ይሸሻል። ለእርሱ የድሬዳዋ ሌሊት እፎይታ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ብርድ ለመጣ ሰው ግን ያው ክፍል እንቅልፍ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በዚህች ከተማ የአንድ ሌሊት ኪራይ በአብዛኛው የቀዝቃዛ አየር ኪራይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኪሱ አቅም ምንም ይሁን ምን፣ እንግዳው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ቤቱ ሙቀትን በምን ዘዴ እንደሚከላከልና ውሃውን እንዴት እንደሚይዝ ነው፤ የኮከቡ ብዛት፣ የአልጋው ስፋትና የቴሌቪዥኑ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ሙቀትን ያለ ማሽን የመከላከል ጥበብ በከተማዋ አዲስ አይደለም። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳውያን መሐንዲሶች የቀየሱት፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣልያኖችም የኖሩበት የከዚራ ሰፈር፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ ከተሞች የተለመደውን አሠራር ይዞ ተገንብቷል። የዚያ አሠራር መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ዘግይቶ ያስገባል፤ ከፍ ያለ ኮርኒስ ሞቃቱን አየር ከሰው ራስ በላይ ያቆያል፤ በመስኮቱ ላይ የሚገጠመው ዝርዝር የእንጨት መዝጊያ ፀሐይን እየከለከለ ነፋስን ያሳልፋል፤ ሰፊ በረንዳ ደግሞ ግድግዳው ራሱ በፀሐይ እንዳይመታ ይጋርዳል። በመንገዶቹ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች፣ በተለይም በብዙ የአገራችን አካባቢዎች «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ የሚታወቀው ባለ ቀይ አበባው፣ ለዚሁ ሥራ ታስበው የተተከሉ ያህል ያገለግላሉ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ባለ መስታወት ፎቆች ይህን ጥበብ መተዋቸው ያሳዝናል፤ ፀሐይ የምታርፍበት ሰፊ መስታወት የሚያስገባውን ሙቀት መልሶ ለማውጣት የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚከፈለው ከእንግዳው ኪስ ነውና።

በዝቅተኛ ዋጋ ማደር የሚፈልግ መንገደኛ በመጋላ ገበያ ዙሪያና በአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ የሚበዙትን አልጋ ቤቶች ያገኛል። በእነዚህ ቤቶች መጸዳጃውና መታጠቢያው ብዙውን ጊዜ የጋራ ሲሆን፣ ለማቀዝቀዣነት የሚያገለግለው ቬንትሌተር ነው። ቬንትሌተር አየሩን ራሱን አያቀዘቅዝም፤ ላብ ከሰውነት ላይ ቶሎ እንዲተን በማድረግ ብቻ ቅዝቃዜን ያሰማል፤ የድሬዳዋ አየር ደረቅ በመሆኑም በብዙዎቹ ወራት ይህ በቂ ሆኖ ይገኛል። የክፍሉ አቀማመጥ ግን ከቬንትሌተሩ ይልቅ ይወስናል። ከኮንክሪት ጣሪያ በታች ያለው የመጨረሻው ፎቅ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲመልስ ያመሻል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በቀን የማያስቀምጥ ቢሆንም ፀሐይ ከገባች በኋላ ፈጥኖ ይበርዳል፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍልም የከሰዓቱን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ክፍሉን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገብቶ ማየትና ግድግዳውን በእጅ መንካት፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው፣ በምድር ቤት ያለ፣ መስኮቱ በሁለት ወገን የሚከፈት ርካሽ ክፍል፣ ከላይኛው ፎቅ ካለው ውድ ክፍል የተሻለ እንቅልፍ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ፔንሲዮኖች እንደ ሳቢያን ባሉት ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ለየብቻ የሆነ መታጠቢያ፣ አንዳንዴም ቁርስ በኪራዩ ውስጥ ይኖራል፤ የዋጋው ልዩነት የሚመጣውም ኤሲ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ ኤሲውን ጭምር ይሸከም እንደሆነ ነው፤ በብዙ ቦታ ጀኔሬተሩ የሚያነሳው አምፖሉንና የእንግዳ መቀበያውን ብቻ ስለሆነ፣ መስኮቱ የማይከፈት ባለ ኤሲ ክፍል በመብራት መቆራረጥ ጊዜ ቬንትሌተር ካለው ክፍል የባሰ ይሆናል።

የውሃው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ በሻወር ራሶችና በማንቆርቆሪያዎች ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚህ ውጤት እንጂ የጽዳት ጉድለት ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ውሃው የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ነባሮቹ የወባ ትንኞች በአብዛኛው በገጠር ኩሬና ረግረግ ሲራቡ፣ ይህች ግን በከተማ፣ ሰው ውሃ ባጠራቀመበት በርሜል፣ ታንከርና ጉድጓድ ውስጥ ትፈለፈላለች። የዴንጊ ትኩሳትም በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉኒያም በ2019 በወረርሽኝ መልክ የታዩ ሲሆን፣ እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ትናከሳለች። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ክዳን የሌለው በርሜል ወይም የተከፈተ ሮቶ የሚታይበት ማረፊያ፣ ዋጋው ቢረክስም ቢወደድም፣ ታልፎ መሄድ አለበት። በመስኮቱ ላይ ያልተቀደደ ወንፊት፣ በአልጋው ላይ አጎበር መኖሩን ማየት የማንም እንግዳ መብት ነው፤ አጎበር የሚያኖር የአልጋ ቤት ባለቤት፣ ቤቱ የቱንም ያህል ተራ ቢሆን፣ ለእንግዳው የሚያስብ ሰው ነው።

በላይኛው የዋጋ እርከን የሚገኙት ሆቴሎች፣ ከእነርሱም መካከል በከዚራ ያለው አንጋፋው ራስ ሆቴል፣ የሚሸጡት ከክፍሉ ይልቅ ግቢውን ነው፤ ባሕር በሌለበት ከተማ የመዋኛ ገንዳና ጥላ ያለው የአትክልት ስፍራ የባሕሩን ቦታ ይተካሉ። አንዳንድ ሆቴሎች ገንዳቸውን ለማያድር ሰውም በክፍያ ስለሚከፍቱ፣ ልጆች ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ በመካከለኛ ዋጋ ፔንሲዮን አድሮ ቀኑን በዋና ማሳለፍ ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። የኮከብ ደረጃን በተመለከተ፣ መንግሥት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር ምደባውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሲሆን የሕንፃውን፣ የአገልግሎቱንና የደኅንነቱን ሁኔታ ይመዝናል፤ የተመደበለት ክፍል ወደ ምዕራብ የዞረ ስለመሆኑ ግን ለእንግዳው አይነግረውም። በዚህ እርከን የሚጠራው ዋጋ አገልግሎትንና ግብርን ያላካተተ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል፣ 1000 ብር የተባለው ክፍል 1265 ብር ይሆናል።

ከዋጋው ሌላ ማረፊያው የሚገኝበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ በመሆኑ ለማያውቀው ሰው መንገድ ይመስላል፤ ውሃው የሚመጣው ግን በከተማዋ ላይ ከሚዘንበው ይልቅ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ብዙዎቹ ተኝተው ሳሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንቦች ቢሠሩም፣ በክረምት ለሚመጣ እንግዳ ከወንዙ ዳር ራቅ ያለ ማረፊያ መምረጥ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማዋ መሃል ውጭ መሆኑን፣ በመሃል ከተማ ግን ባጃጅ በየአቅጣጫው እንደሚገኝ ያወቀ ሰው፣ ለጣቢያው ቅርበት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አያወጣም። የድሬዳዋ ሕይወት ቀትር ላይ ጭር ብሎ ማምሻውን የሚደምቅ በመሆኑ፣ ቶሎ መተኛት የሚወድ ሰው ክፍሉ ከዋና መንገድ ጀርባ እንዲሆን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ዋጋን የሚወስነው ወቅት ነው። በኅዳርና በጥር መካከል አየሩ ለስላሳ ስለሚሆን ኤሲ የሌለው ክፍል ያለ ቅሬታ ያሳድራል፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ሙቀቱ ስለሚከብድ በኤሲ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ሁለቱ የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓላት፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው፤ ከመላ አገሪቱና ከውጭ ከሚመጣው ምእመን ብዙው ድሬዳዋ ወርዶ በደንገጎ በኩል ወደ ቁልቢ ስለሚወጣ፣ በእነዚያ ቀናት ጥሩው ክፍልም መጥፎው ክፍልም እኩል ይሞላል፤ የሐምሌው በዓል ከጅቡቲ እንግዶች ወቅት ጋር ስለሚገጥም ጥበቱ ይበረታል። ለእነዚህ ቀናት አልጋ የሚይዝ ሰው ከሳምንታት በፊት ቀብድ መክፈል፣ የክፍሉ ዓይነት፣ የሌሊቶቹ ብዛትና ግብሩን ያካተተው ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝም መቀበል ይኖርበታል። ድሬዳዋ ላይ ያልቀናው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ለእንግዳ የሚከፈቱትን መጠየቅ ይችላል፤ ከተማዋ ከድሬዳዋ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ እዚያ የሚያስፈልገው ከቬንትሌተር ይልቅ ብርድ ልብስ ነው።