ከመሪ ጋር ወደ ፓውደር በረዶ ልትወጡ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ኮሎራዶ፣ በተለይ ዴንቨርና አውሮራ፣ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። "ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ካለ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ መውጣቱ ችግር የለውም። ችግሩ "መሪ ቀጥሬያለሁ፣ እሱ ያውቃል" ብሎ መዝናናቱ ላይ ነው።

ባክካንትሪ የሚባለው ከስኪ ሪዞርት ውጪ ያለው ተራራ ነው። ሊፍት የለም፤ የሚጠርግና የሚጠብቅ ሠራተኛም የለም። ሰው የሚሄድበት ምክንያት ፓውደር ነው፣ ማለትም ማንም ያልረገጠው እንደ ዱቄት የላላ አዲስ በረዶ። ገዳዩ ደግሞ የበረዶ ናዳ ነው።

ናዳው ከየት ይመጣል?

ኮሎራዶ ላይ በክረምቱ መጀመሪያ የሚጥለው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት እርስ በርሱ መያያዙን ያጣና እንደ ስኳር ይበታተናል። በላዩ ከባድ በረዶ ሲከመርበት፣ በተበተነ ጤፍ ላይ ጣውላ እንደማስቀመጥ ነው። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለስኪ የሚጥመውም ይኸው ነው። ሰው በሚሞትባቸው አደጋዎች አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

1. ችሎታችሁን አትዋሹ። ሪዞርት ውስጥ ከባዱን ቁልቁለት ሳትወድቁ የማትወርዱ ከሆነ ገና ናችሁ። አንድ ሰው ሲደክም ቡድኑ በሙሉ አደገኛ ቦታ ላይ ይቆማል።

2. መሪውን ጠይቁ። የአሜሪካ ተራራ መሪዎች ማኅበር ሥልጠና አለው? እዚያ መሬት ላይ ለመሥራት ፈቃድ አለው? ለስንት ሰው ነው አንድ መሪ? ቦታው አደገኛ ከሆነ ወዴት ይቀይራል? በዚህ ጥያቄ የሚናደድ መሪ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

3. ትንበያውን ራሳችሁ እዩ። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ያወጣል፤ ነፃ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሃል ላይ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ብዙ ሞት የሚደርሰው ግን በዚሁ ደረጃ ነው።

4. ጥጥ አትልበሱ፣ ከረጠበ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ደራርቡ። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ውኃና ምግብ ያዙ።

ሦስቱ ዕቃዎች

ቢከን፣ ፕሮብ እና አካፋ። ቢከን ደረት ላይ የሚታሰር፣ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ነው። ስልካችሁን አታስጠጉት፤ ምልክቱን ይረብሻል። ፕሮብ በረዶ ውስጥ የተቀበረን ሰው የሚፈልጉበት ታጣፊ ረጅም ዘንግ ነው። አካፋው ብረት ይሁን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ተቀብሮ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የወጣ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። የነፍስ አድን ቡድን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም፣ ስልክም ላይሠራ ይችላል። መሪው ራሱ ቢቀበርስ? የሚያወጡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መሪው ጠዋት ላይ ልምምድ ካላሠራችሁ "አሠራን" በሉት። አንዱ ቢከን ደብቆ ሌላው ይፈልግ፤ እስኪለመድ ድረስ።

ተራራው ላይ

አደገኛ ቁልቁለት የሚወረደው አንድ በአንድ ነው፤ ሌላው ጥግ ይዞ ያያል። ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ላቭላንድ ፓስ አካባቢ፣ ሺፕ ክሪክ የሚባል ቦታ፣ 6 ሰዎች በአንድ ናዳ ተያዙ። ልምድም ዕቃም ነበራቸው። ግን ሁሉም ስለተያዙ ፈጥኖ የሚቆፍር አልቀረም። 5ቱ ሞቱ።

በመጨረሻም፣ መሪው "ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ እንሂድ" ካለ "ከፍያለሁ እኮ!" ብላችሁ አትጫኑት። የከፈላችሁት ለዚያ ቃል ነው። እናንተም ካልተመቻችሁ ተናገሩ። ይሉኝታ ተራራ ላይ አይሠራም።

ስኪ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ!