«የዘር ፍሬ» እና «ዕጢ»፦ ስለ ሥነ ተዋልዶ ስያሜዎች

የሰውን የመራቢያ አካላትና ተግባራቸውን በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ተርጓሚ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ቃል በማጣት ሳይሆን አንዱን ቃል ለብዙ ነገር ተሠርቶበት በማግኘቱ ነው። ማሕፀን፣ ፅንስ፣ እትብት፣ የሽርት ውሃ የተባሉት ትርጉማቸው ተለይቶ የታወቀ ስለሆነ አያከራክሩም። «የእንግዴ ልጅ»ም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ቃሉ ተራ መስሎ ስለሚታያቸው «ፕላሴንታ» ማለትን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ማንኛዋም አዋላጅ የምታውቀውን ስም የምንለውጥበት ምክንያት አይታየንም።

አስቸጋሪው «የዘር ፍሬ» ነው። ይህ ሐረግ በአንዱ ጽሑፍ የወንዱን ቆለጥ፣ በሌላው ከቆለጥ የሚመነጨውን ረቂቅ ሕዋስ፣ በሦስተኛው ደግሞ የሴቷን እንቁላል ሲያመለክት እናገኘዋለን። አካሉና አካሉ የሚያስገኘው ነገር በአንድ ስም መጠራታቸው የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ወንድ እንዳያስረግዝ ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ «የዘር ፍሬ ማስተላለፊያው ተቆርጦ ይቋጠራል፤ ውሎ አድሮም የዘር ፍሬ አይኖርም» ይላል እንበል። ተርጓሚው ሕዋሱን ማለቱ ነው። አንባቢው ግን «ፍሬ» ሲባል የሚያውቀው ቆለጥን ነውና፣ በተለይ ወይፈን ሲኮላሽ እያየ ያደገ ከሆነ፣ ሊኮላሽ መሆኑን ተረድቶ ወረቀቱን ይጥላል።

የአካሉ አሠራር ግን ሌላ ነው። ቆለጥ ሁለት ነገር ያስገኛል፤ ይኸውም የዘር ሕዋስና ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። ሕዋሱ የሚወጣው በቱቦ ሲሆን ሆርሞኑ ግን ቱቦ አያሻውም፤ በቀጥታ ከደም ጋር ተቀላቅሎ በመላ ሰውነት ይሠራጫል። ስለዚህ ቱቦው ሲቋጠር የሚገታው የሕዋሱ ጕዞ ብቻ ነው፤ ሆርሞኑ እንደ ቀድሞው ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ልዩነት «ፍሬ» የሚለው ቃል ሊሸከመው አይችልም። እኛ የምንደግፈው ለአካሉ «ቆለጥ»፣ ለሚያመርተው «የወንድ ዘር ሕዋስ» ማለትን ነው። ቆለጥ ነውር ቃል ነው የሚሉ አሉ። ነውሩ ያለው በአነጋገሩ እንጂ በቃሉ አይደለም፤ ደግሞም ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ከጨዋ አሻሚ ቃል ይልቅ ግልጹ ይጠቅመዋል።

ለሴቷ «እንቁልጢ» የሚለው ስያሜ ከ«እንቁላል»ና ከ«ዕጢ» የተዳቀለ በመሆኑ አካሉንና ውጤቱን በሚገባ ይለያል። ተርጓሚው መጠንቀቅ ያለበት ሁለቱን እንዳያቀያይር ነው፤ «እንቁላል ወጣ» ሲባል በየወሩ የሚሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ «እንቁልጢ ወጣ» ከተባለ ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው።

«ዕጢ» ራሱም ችግር አለበት። ለሥነ ሕይወት ባለሙያ ዕጢ አመንጪ አካል ነው፤ ለሕዝቡ ግን በሽታ ነው። «በአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ እንቁልጢን ታዛለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይንሳዊ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም «አንጎልሽ ሥር ያለው ዕጢ» የተባለች ሴት የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ለበሽታው የለመደውን ቃል ይተዋል ብለን አናምንም። ስለሆነም ጤነኛው አካል «አመንጪ ዕጢ» ተብሎ በቅጽል ቢለይ ይሻላል።

«ሆርሞን»ን በተመለከተ ቃሉ እንዳለ ይቆይ እንላለን። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ስታርሊንግ በ1905 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው መነሻ ያደረገው «አነሣሣ» የሚል ፍች ያለውን የግሪክ ግሥ ነበር። በአማርኛ ከ«ዕድገት» ጋር አዳቅሎ ስም ማውጣት የቃሉን ወሰን ያጠባል። ፕሮጄስትሮን ዋና ተግባሩ የማሕፀንን ሽፋን አጽንቶ ለፅንስ ማዘጋጀት ነው፤ ይህን «አሳዳጊ» ብሎ መጥራት አስቸጋሪ ነው።

የምንጩን ቃል ቃል በቃል ስለ መመለስም አንድ ነገር እንጨምር። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በእንቁልጢው ላይ የሚቀረውና ፕሮጄስትሮንን የሚያመነጨው ክፍል በላቲን «ቢጫ አካል» ይባላል፤ መልኩም ቢጫ ነውና ቢተረጐም አያሳስትም። በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ግን ስሟን ያገኘችው አክታን ወደ አፍንጫ ታወርዳለች ከሚለው ከጥንት ሐኪሞች ግምት ነው። እሱን መተርጐም የሞተውን ግምት በአማርኛ ማስነሣት ስለሚሆን «ፒቱታሪ አመንጪ ዕጢ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።