ሳይሞከር የሚገዛ ኳርተርባክ

በአሜሪካው የፉትቦል ሊግ፣ ኤን ኤፍ ኤል፣ በድራፍት የኮሌጅ ኮከቦችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው ላለፈው ዓመት ጭራ ክለብ ነው። ዕድሉ ግን ዕዳም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከ16 ጨዋታ 2 ብቻ ያሸነፈው ኦክላንድ ሬይደርስ በተከታዩ ዓመት ኳርተርባኩን ጃማርከስ ራስልን መረጠ። ልጁ ልምምድ ሳይገባ በዋጋ ሲከራከር ከርሞ፣ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋስትና ይዞ ፈረመ፤ በ2010 ተሰናበተ። ገበያው ከዚህ አልተማረም። በዚያው ዓመት ሴንት ሉዊስ ራምስ ለሳም ብራድፎርድ የ50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ፤ ያውም በሊጉ አንድ ጨዋታ እንኳ ላልተሰለፈ ጀማሪ!

በ2011 የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ተስማምተው ለጀማሪዎች ክፍያ ጣሪያ አበጁ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ካሮላይና ፓንተርስ ነው፤ 2 ጨዋታ ብቻ ካሸነፈበት ዓመት ማግስት ካም ኒውተንን በ4 ዓመት ውል በ22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደ። ኪሳራው ቢመጣ እንኳ ክለብ የሚያናጋ አልነበረም። ኪሳራ ግን አልመጣም። በርካሽ የተገዛ ኳርተርባክ ማለት ለሌሎች ተጫዋቾች የሚተርፍ ገንዘብ ማለት ነው፤ ቅናሹን የከፈለው ወጣቱ ራሱ መሆኑ ሳይዘነጋ። ኒውተን ሒሳቡን ያወራረደው በ2015 ነው፤ አዲሱ የ5 ዓመት ውል 103.8 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በዚያው የውድድር ዘመን ክለቡን እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰ።