መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ቅርሱ

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባለ ያደገ ልጅ የጨዋታን ዋና ጥበብ ያውቀዋል። ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ አይናገርም፤ ተጠያቂው ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ካቃተውም አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በብዙ ሙዚየሞች ግን ጎብኚው ገና ሳይጠይቅ መልሱ ይነገረዋል።

የግምት ጥቅም በሙከራ ተፈትኗል። ኔት ኮርኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ መልሱን ከማየታቸው በፊት እንዲገምቱ የተደረጉ ሰዎች መልሱን ዝም ብለው ካጠኑት የተሻለ አስታውሰዋል፤ ግምታቸው ስሕተት በነበረበት ጊዜ እንኳ። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ግምት ቀድሞ የምናውቃቸውን ተዛማጅ ነገሮች ስለሚቀሰቅስ አዲሱ ዕውቀት የሚያያዝበት ያገኛል።

ሐሳቡን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንውሰደው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ባስተማሩበት በዚህ ገዳም፣ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1280/81 የሰጡት የአራቱ ወንጌል ብራና ይገኛል፤ የራሳቸው ሥዕልም አለበት። አስጎብኚው ዕድሜውን ብቻ ተናግሮ ቢያልፍ ጎብኚውም አብሮት ያልፋል። የሥዕሉን ቅጂ ይዞ «እኚህ ሰው ማን ይመስሏችኋል? በምን አወቃችሁ?» ቢል ግን ሁሉም አለባበሱን፣ እጁን፣ ፊደሉን መመርመር ይጀምራል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ፣ ቅጂው በሐይቁ ዳር ቢዘጋጅ እናቶችና ልጃገረዶችም የፍለጋው ተካፋይ ይሆናሉ።

ጨዋታ ምርጫም ይሰጣል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በኢጣልያ መካከል የውጫሌ ውል የተፈረመው በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ተማሪዎች ሁለቱን በካርድ ይቀበሉ፤ የንጉሡ አማካሪ ሆነው ልዩነቱን ይፈልጉ፣ ምን ይደረግ እንደሚሉም ይምከሩ። በ1885 ዓ.ም. ውሉ መሻሩንና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት መካሄዱን የሚሰሙት ከዚያ በኋላ ይሁን። ያኔ ታሪኩን የሚያዳምጡት የራሳቸውን ምክር ከሆነው ጋር እያመዛዘኑ ነው።

ሽልማት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ ለሥዕል የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው የሣሉ ሕፃናት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሣሉት ካልተሸለሙት በግማሽ ያህል አንሶ ነበር። ነጥብና ሜዳልያ ከበዛ ልጁ ቅርሱን ትቶ ሜዳልያውን ያያል። የጎብኚው ሽልማት ራሱ ያገኘው መልስ ቢሆን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ውድ ስክሪን አይጠይቅም። የታተመ ካርድ፣ በደንብ የታሰበበት ጥያቄና መልሱን ለጥቂት ደቂቃ በአፉ የሚይዝ አስጎብኚ ይበቃሉ። ቅዱስ ስፍራ የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ የትኛው ጥያቄ የት እንደሚጠየቅ የገዳሙ አባቶችና የአካባቢው መምህራን አብረው ይወስኑ። ሥራውን በአንድ ብራናና በአንድ አንቀጽ መጀመር ይቻላል።