ብጉርና የፈውሱ መዓርጋት

በገጽ ላይ የሚወጣ ደዌ፣ ነፍስን ባይነጥቅም፣ የወጣቱን ልቡና በኀፍረት የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ፣ ብጉርን የዕድሜ ነገር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ምንጩ እድፍ አይደለም፤ በጉርምስና የሚበዙት ሆርሞኖች የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ሲያነሣሡ፣ ቅባቱና የሞተው ቆዳ የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍኑታል፣ በውስጡም ባክቴሪያ ተራብቶ ቆዳው ይቆጣል። ስለዚህ ፊትን ደጋግሞ በሳሙና መፈተግ ቍጣውን ከማባባስ በቀር አይፈውስም፤ ሕክምናውም እንደ ደዌው ጽናት በሦስት መዓርግ ይከፈላል።

ቀላሉ መዓርግ ራሳቸው የነጣ ወይም የጠቆረ ጥቃቅን ብጉሮች የሚታዩበት ነው፤ ለዚህም ማታ በስሱ የሚቀባ አዳፓሊን፣ ወይም ከ2.5 እስከ 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይሰጣል። ሁለቱም በመጀመሪያው ወር ቆዳን ስለሚያደርቁና ስለሚለበልቡ፣ ፍሬያቸውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይቈዩ በሙሉ ስለማይታይ፣ ትዕግሥትን ይሻሉ።

ያበጠና መግል የቋጠረ ብጉር ፊትን፣ ደረትንና ጀርባን ሲያዳርስ፣ በሐኪም ትእዛዝ ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለ3 ወር ያህል ይዋጣል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው እንዳይለምደው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይታከልበታል እንጂ ብቻውን አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ግን ዶክሲሳይክሊንን አትወስድም፤ ለእርሷ አዜላይክ አሲድ የተባለው ቅባት ይመረጣል።

ከቆዳ በታች ጠልቆ ጠባሳ የሚተወው ጽኑዕ ብጉር የቆዳ ሐኪም ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የተፈቀደው አይሶትሬቲኖይን የቅባት ዕጢዎችን አኰማትሮ ብዙ ጊዜ ዘላቂ ፈውስ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ፅንስን እጅግ ስለሚጐዳ፣ የምትወስደው ሴት በሕክምናው ዘመን ሁሉና ካቆመችም በኋላ እስከ 1 ወር ከእርግዝና መጠበቅ ግዴታዋ ነው፤ ጉበትና የደም ቅባትም ይመረመራሉ። የአሰላ ከተማ ሕሙም በመጀመሪያ በጤና ጣቢያ ወይም በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይታያል፤ በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተመሠረተው አለርት የቆዳ ሕሙማንን ይቀበላል።

በጠይም ቆዳ ላይ ብጉሩ ከከሰመ በኋላ እንኳ ጥቁር ምልክት ለወራት ይቀራል፤ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአሰላ ደጋ፣ ብርዱ ሰውን ቢያዘናጋውም የፀሐዩ ጨረር የበረታ ስለ ሆነ፣ ምልክቱን ያጠቁረዋል፤ ኮፍያና ጃንጥላም መድኃኒትን ያግዛሉ። ምልክቱን ለማጥፋት ሲባል ያለ ሐኪም የሚቀባው ስቴሮይድ ያለበት ማቅያ ክሬም ግን፣ ጥቂት ቀን አስደስቶ፣ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል፤ ለራስ የተቀባ ቅቤም ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳን ይደፍናል። ጠባሳን ከመጠገን ይልቅ ብጉርን በጊዜው ማከም የሚቀል ስለ ሆነ፣ ወላጅና መምህር ልጁን «ያልፋል» ብለው ከማቆየት ወደ ሐኪም ቢልኩት ታላቅ ረድኤት ያደርጉለታል።