«ድራይ ክሊን» ደረቅ አይደለም፦ ኮታችሁ የታጠበበት ፈሳሽ ትናንት የማንን ልብስ አጥቦ ነበር?

አንድ ጓደኛችን ለሠርግ የሚለብሰውን ክሬም ኮት ላውንደሪ ሰጠ። ሲቀበለው ተተኩሶ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሽክ ብሎ ነው። ቤት ገብቶ ፕላስቲኩን ሲገልጠው ግን ኮቱ ግራጫ ቢጤ ሆኗል፤ የቆየ ቅባት የቆየ ቅባትም ይሸታል። «ታጥቦ የመጣ ልብስ እንዴት ይቆሽሻል?» አለን። እኛም ነገሩን ተከታትለን የደረስንበትን እነሆ።

በመጀመሪያ ስሙ አይሸውዳችሁ። «ድራይ» የተባለው በውሃ ስለማይታጠብ እንጂ ልብሱ ስለማይርስ አይደለም። ልብሱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ገብቶ በኬሚካል ፈሳሽ ጥርግ ተደርጎ ይርሳል።

ለምን በውሃ አይታጠብም? የሱፍ ጨርቅ የሚሠራው ከበግ ጸጉር ነው። የበግ ጸጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ጨርቁ ይሰበሰባል። የናንተ ኮት ለታናሽ ወንድማችሁ ልክ ሆነ ማለት ነው። ኬሚካሉ ግን ክሩን ሳያሳብጥ ቅባቱን ብቻ ያሟሟል።

በዓለም ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት በስፋት የተሠራበት ኬሚካል ፐርክሎሮኢትሊን ይባላል፤ ባለሙያዎቹ «ፐርክ» ይሉታል። እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ቅባትም በደንብ ያነሳል። ግን እንደ ውሃ አንዴ ተጠቅመውበት የሚደፉት ነገር አይደለም። ያው ፈሳሽ ደጋግሞ ነው የሚያጥበው። የናንተ ኮት ከመግባቱ በፊት የሌላ ሰው ሱሪ ታጥቦበታል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፈሳሹ በመሃል ጸድቷል ወይ? የሚለው ነው።

ማጽጃው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው፦ አቧራ፣ አሸዋና ብናኝ ይይዛል። ግን የሻይ ማጥለያን አስቡት። ቅጠሉን ያስቀራል፣ የሟሟውን ስኳር ግን አያስቀርም። ከልብስ የወጣው ላብ፣ ቅባትና የለቀቀ ቀለምም ፐርኩ ውስጥ ሟሙቶ ከሆነ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ደረጃ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አረቄ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ አተላው ከታች ይቀራል። የድራይ ክሊን ማሽንም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ፐርክ የሚፈላው 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት ፐርኩ ሲተን ቅባቱና ቀለሙ አይተኑም፤ ታች ይቀራሉ። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ንጹህ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። አብሮት የመጣ ውሃ ካለ ደግሞ መለየቱ ቀላል ነው፦ ፐርክ ከውሃ 1.6 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ውሃው ከላይ ይንሳፈፋል።

ይህ ሥራ ጉልበት፣ ጊዜና መብራት ይበላል። ባለቤቱ «ነገ» እያለ ሲያቆየው ፈሳሹ ይጠቁራል። ከአንዱ ልብስ የወጣው እድፍ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ነጭ ልብስ ግራጫ የሚሆነውና መጥፎ ሽታ የሚይዘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጓደኛችን ኮትም እንደዚያ የሆነ ይመስለናል።

ከኮት የሚበልጥ ጉዳይ ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፐርክን «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በቅርብ ሲተነፍሱት ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል። ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ 2023 ጀምሮ በፐርክ ማጠብን አቁማለች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ በ10 ዓመት ውስጥ ከድራይ ክሊን እንዲወጣ ወስኗል። በብዛት የሚጋለጠው ደግሞ እኛ ደንበኞቹ ሳንሆን ማሽኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሠራተኛ ነው።

አተላውስ? ጥቁር፣ ወፍራምና አሁንም ፐርክ ያለበት ነው። ቦይ ወይም መሬት ላይ ከተደፋ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማውጣቱ ብዙ ዓመት ይፈጃል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች እንደሚመጣ አትርሱ። ታሽጎ፣ ለብቻው ተይዞ መወገድ ያለበት ለዚህ ነው።

እና ምን እናድርግ?

1. ጠይቁ። «የምታጥቡት በምንድን ነው? ፈሳሹን መቼ አጸዳችሁት?» ማለት ነውር አይደለም።

2. ልብሱ ላይ ምን እንደፈሰሰ ተናገሩ። ቡናና ጁስ የሚለቁት በውሃ ነው፤ ባለሙያው ቀድሞ ካላወቀ ኬሚካሉ ብቻውን አያነሳቸውም።

3. ቤት ስትገቡ ፕላስቲኩን አውልቁና ልብሱን ነፋስ ላይ ስቀሉት። ኬሚካል ኬሚካል እየሸተተ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡት፣ በተለይ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል ከሆነ።

4. ምልክቱን እዩ። አንገቱ ጋ ያለው ወረቀት ላይ ክብ ውስጥ «ፒ» የሚነበብ የላቲን ፊደል ካለ በፐርክ ሊታጠብ ይችላል። ክቡ ላይ ኤክስ ከተደረገበት ድራይ ክሊን አይነካውም።

ጓደኛችን በመጨረሻ የሠርጉን ኮት ተውሶ ለበሰ። እናንተስ እንዲህ ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ላውንደሪ ውስጥ ለሚሠራ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።